ኢሜይል ላይ አቋራጭ ቁልፍ እምቢ ሲል፦ የተጫንነውን ማን ወሰደው?

ረጅም ኢሜይል ውስጥ አንዲት ቃል መፈለግ ፈልጋችሁ ኮንትሮልንና ኤፍን ትጫናላችሁ። የመፈለጊያ ሳጥን ስትጠብቁ መልእክቱን ለሌላ ሰው የሚያስተላልፍ ገጽ ዱብ ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ ትናንት በአንድ ፊደል ይከፈት የነበረው መጻፊያ ዛሬ ጭራሽ አይከፈትም። ይባስ ብሎ መልስ እየጻፋችሁ መስሏችሁ ስትተይቡ ኢሜይሎቹ ዓይናችሁ እያየ ከፊታችሁ ይጠፋሉ።

እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው ወይ ኪቦርዱ ተበላሸ ይላል፣ ወይ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። የተጫናችሁት ቁልፍ በደንብ ተነስቷል፤ መንገድ ላይ ሌላ ወስዶታል። ማን እንደወሰደው ካወቃችሁ መፍትሔው ብዙ ጊዜ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አቋራጭ ቁልፍ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በማውስ ሄደን፣ ምልክት ፈልገን፣ ጠቅ አድርገን የምናደርገውን ነገር በኪቦርድ ብቻ እንድናደርግ የሚያስችል ቁልፍ ነው። ብዙዎች ሾርትከት ይሉታል። ሁለት ዓይነት አለ፤ ልዩነቱን ቀድሞ መያዝ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የሚበላሹበት መንገድ የተለያየ ነው።

አንደኛው ጥምር ቁልፍ ነው። ኮንትሮልን፣ ሺፍትን፣ ኦልትን ወይም በማክ ኮማንድን ይዘን ሌላ ቁልፍ እንጨምራለን። ብቻቸውን ሲጫኗቸው ምንም ፊደል ስለማይጽፉ ፕሮግራሙ "ይህ ሰው እየጻፈ ሳይሆን እያዘዘ ነው" ብሎ በቀላሉ ይለያል።

ሁለተኛው ነጠላ ፊደል ነው። ጂሜይል ላይ ሲ ስትጫኑ አዲስ መጻፊያ ይከፈታል፣ አር መልስ ይሰጣል፣ ኢ ኢሜይሉን ከገቢ ሳጥን አውጥቶ ማኅደር ውስጥ ያስቀምጣል። ፈጣን ነው። ግን ፕሮግራሙ እየጻፋችሁ ይሁን እያዘዛችሁ በራሱ መገመት አለበት። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለ ፊደላቱ አንድ ነገር ልበል። እዚህ ሲ፣ አር፣ ኤ፣ ኢ እያልኩ የምጽፈው ኪቦርዱ ላይ ያሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። እንዳይምታታ፣ ኤ የመጀመሪያዋ ፊደል ናት፣ ኢ አምስተኛዋ፣ አይ ደግሞ ዘጠነኛዋ።

ጣታችን ቁልፉን ሲነካ ምን ይሆናል?

ኪቦርዱ ራሱ ሲ የምትባል ፊደል አያውቅም። የሚልከው ቁጥር ነው፤ "እዚህ ቦታ ላይ ያለው ቁልፍ ተጫነ" የሚል። ቁጥሩን የሚቀበለው ዊንዶውስ፣ ማክ ወይም ሊኑክስ ነው። እሱም በዚያ ሰዓት የተመረጠው የኪቦርድ አቀማመጥ የትኛው እንደሆነ አይቶ ቁጥሩን ወደ ፊደል ይቀይረዋል። "ይህን ጥምር ለእኔ ያዙልኝ" ብሎ ያስመዘገበ ሌላ ፕሮግራም ካለ ጉዞው እዚያ ላይ ያበቃል። ከሌለ ቁልፉ ፊት ለፊት ወደተከፈተው መስኮት ይሄዳል። ያ መስኮት ብራውዘር ከሆነ፣ ብራውዘሩ ለራሱ የሚፈልገውን ያስቀራል። ቀጥሎ ኤክስቴንሽኖች፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የተጫኑ ትንንሽ ተጨማሪ ፕሮግራሞች፣ አሉ። የኢሜይሉ ገጽ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። እዚያም ገጹ "ጠቋሚው የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?" ብሎ ይጠይቃል።

ዱላ ቅብብል አስቡት። ከሯጮቹ አንዱ ዱላውን ይዞ ከቀረ የመጨረሻው ሯጭ ቆሞ ይጠብቃል። ተመልካች ሁሉ ግን የሚወቅሰው መጨረሻ ላይ የቆመውን ነው። የኢሜይል ፕሮግራሙም ያልደረሰውን ቁልፍ እንዴት ይፈጽመው?

መጀመሪያ የቱን ልፈትሽ?

ከሁሉ በፊት ኪቦርዱን። ኖትፓድን ወይም ማንኛውንም ባዶ መጻፊያ ክፈቱና ያንን ፊደል ተይቡ። ከወጣ ቁልፉ ደህና ነው። ኮንትሮልን ለመፈተን ትንሽ ጽሑፍ ምረጡና ኮንትሮልና ሲ፣ ከዚያ ኮንትሮልና ቪ ብላችሁ ይቀዳና ይለጠፍ እንደሆነ እዩ። እዚህ ከሠራ ኪቦርድ ስለመቀየር ማሰብ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ጠቋሚው ያለበትን ቦታ እዩ። ባለሙያዎች ፎከስ የሚሉት ይህንን ነው፤ በዚያች ቅጽበት ኪቦርዱ የሚያወራው ከየትኛው የስክሪን ክፍል ጋር ነው የሚለው። ጠቋሚው መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ብልጭ ድርግም እያለ ኢ ብትጫኑ ፕሮግራሙ ኢን ይጽፍላችኋል እንጂ ምንም አያስቀምጥም። ደግሞም ልክ ነው። ከታች ጥግ ላይ ተከፍቶ የተረሳ መጻፊያ፣ ከጎን ያለ የቻት ሳጥን፣ የብራውዘሩ አድራሻ መጻፊያ፣ ሁሉም እንዲህ ቁልፉን ይይዛሉ። ከኢሜይሎቹ ዝርዝር ውጭ ያለ ባዶ ቦታ ላይ አንዴ ጠቅ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። "ሾርትከቴ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም" የሚለው አቤቱታ ላይ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ጂሜይል ላይ ጨርሶ የማይሠራው ለምንድን ነው?

ስላልተከፈተ ሊሆን ይችላል። ጂሜይል ነጠላ ፊደል አቋራጮቹን አጥፍቶ ነው የሚሰጠን። ለመክፈት በኮምፒውተር ላይ ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን የሴቲንግ ምልክት ተጫኑና "ሲ ኦል ሴቲንግስ" የሚለውን ክፈቱ። "ጀነራል" በሚለው ክፍል ወደ ታች ስትወርዱ "ኪቦርድ ሾርትከትስ" የሚል ታገኛላችሁ። "ኦን" አድርጉት። ከዚያ፣ እባካችሁ፣ ገጹ መጨረሻ ድረስ ወርዳችሁ "ሴቭ ቼንጅስ" የሚለውን ተጫኑ። ሳይጫኑ መውጣት በጣም የተለመደ ነው፤ ያለዚያ ግን ምርጫው አይያዝም።

ጥቂቶቹ ግን ይህን ሁሉ ሳያስፈልጋቸው ይሠራሉ። የጻፋችሁትን ለመላክ ኮንትሮልና ኢንተር፣ ፊደል ለማድመቅ ኮንትሮልና ቢ የመሳሰሉት ሁሌም ክፍት ናቸው። ስለዚህ "አንዱ እየሠራ ሌላው እንዴት እምቢ ይላል?" ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው።

ሲከፈቱ የጥያቄ ምልክቷን ተጫኑ። ሙሉ ዝርዝሩ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ የለም።

ጠቃሚ ነገር ከሆነ ታዲያ ለምን ይዘጋል?

ነጠላ ፊደል አደገኛ ስለሆነ ነው። በድምፅ የሚጽፍ ሰውን አስቡ። እጁን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው ተናግሮ ኮምፒውተሩ ይጽፍለታል። ጠቋሚው የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ካልሆነ የተናገረው እያንዳንዱ ቃል ወደ ፊደላት ተበትኖ ትእዛዝ ይሆናል። አንድ ሰላምታ ብቻ ብዙ ኢሜይል ሊያንቀሳቅስ ይችላል። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ አጠገቡ ያለ ቁልፍ ሳያስበው የሚነካ ሰውም ችግሩ ያው ነው።

ለዚህ ነው የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ 2.1 ላይ፣ ቁጥር 2.1.4 በሚለው መስፈርት ይህንን ያነሣው። ነጠላ ፊደል አቋራጭ ያለው ገጽ ከሦስት አንዱን ማሟላት አለበት ይላል፤ ማጥፋት ይቻል፣ ወይም ወደ ሌላ ጥምር መቀየር ይቻል፣ ወይም የሚመለከተው ክፍል ፎከስ ሲያገኝ ብቻ ይሥራ። ሴቲንግ ውስጥ ያለችው ያቺ ማጥፊያ እንዲሁ ለጌጥ የተቀመጠች አይደለችም። ያለሷ ኢሜይሉን በሰላም መጠቀም የማይችል ሰው አለ።

አውትሉክ ላይ ኮንትሮልና ኤፍ ለምን አይፈልግም?

ይህ በጣም ከሚጠየቁት አንዱ ነው፤ ታሪኩም ደስ ይላል። ሬይመንድ ቼን የተባለው የማይክሮሶፍት ኢንጂነር እንዳወጋው፣ የኩባንያው የቀድሞ የኢሜይል ፕሮግራም ገና ሙከራ ላይ ሳለ ይህ ጥምር እንደሌላው ቦታ ሁሉ መፈለጊያ ነበር። ከሞካሪዎቹ አንዱ ግን ከዚያ በፊት በለመደው ፕሮግራም ማስተላለፊያ ስለነበር እንዲቀየር ጠየቀ። ሞካሪው ቢል ጌትስ ነበር። ተቀየረ፤ እስከ ዛሬም ኮንትሮልና ኤፍ አውትሉክ ላይ ማስተላለፍ ነው።

ስለዚህ ክላሲክ በሚባለው የዊንዶውስ አውትሉክ፣ በተከፈተ መልእክት ውስጥ ቃል ለመፈለግ ኪቦርዱ ላይ ከላይ በኩል ያለችውን ኤፍ 4 የተባለች ቁልፍ ተጫኑ። ከኢሜይሎቹ ሁሉ መካከል ለመፈለግ ደግሞ ኮንትሮልና ኢ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ፤ ኢሜይል ላይ የጋራ የአቋራጭ ሕግ የለም። "አስተላልፍ" ለማለት ጂሜይል ኤፍ ብቻዋን ይፈልጋል፣ አውትሉክ ኮንትሮልና ኤፍ፣ ተንደርበርድ ኮንትሮልና ኤል፣ የአፕል ሜይል ደግሞ ሺፍት፣ ኮማንድና ኤፍ። አንዱን ለምዶ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ጣቱ የድሮውን ይዞ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ተበላሸ ብሎ ከመደምደም በፊት "ይህን ቁልፍ የለመድኩት የት ነው?" ብሎ ራስን መጠየቅ ብዙ ድካም ያድናል።

አዲሱ አውትሉክና በብራውዘር የሚከፈተው ደግሞ ሌላ ነገር አላቸው። ሴቲንግ ውስጥ የማን ዓይነት አቋራጭ እንደምትፈልጉ ይጠይቃሉ፤ የአውትሉክን፣ የጂሜይልን፣ የያሁን፣ ወይም ጭራሽ እንዲዘጋ። አንድ ሰው ጂሜይል የሚለውን መርጦላችሁ ከሆነ የለመዳችሁት ሁሉ ይገለባበጣል። ከክላሲኩ ወደ አዲሱ ሰሞኑን ተቀይራችሁ ከሆነም እዚህ ጀምሩ።

ብራውዘሩ ነው የያዘው ወይስ ኤክስቴንሽን?

ኢሜይላችሁን በብራውዘር የምታዩ ከሆነ ብራውዘሩ ለማንም የማይሰጣቸው ቁልፎች አሉ። ክሮም ላይ ኮንትሮልና ኤን አዲስ መስኮት ነው፣ ኮንትሮልና ቲ አዲስ ታብ፣ ኮንትሮልና ደብልዩ መዝጊያ። የኢሜይሉ ገጽ ቢለምንም አያገኛቸውም። ገጾች ይህ እንዳይፈቀድላቸው የተደረገው ለደህንነታችን ነው፤ አለዚያ ክፉ ገጽ መዝጊያውን ቁልፍ ይዞ አልዘጋም ይለን ነበር። ለዚህ ነው በኮምፒውተር ላይ በተጫነ አውትሉክ አዲስ ኢሜይል የሚከፍተው ኮንትሮልና ኤን በብራውዘር አውትሉክ የማይሆነው። እዚያ ኤን ብቻዋን ናት።

ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ አንድ ለብቻው የሚታይ ነገር አለ። ሴቲንግ ውስጥ "መተየብ ስጀምር ገጹ ላይ ፈልግ" የሚል ምርጫ አለ። እሱ ከተከፈተ የምትጫኑት ፊደል ሁሉ ከታች በኩል የመፈለጊያ መስመር ሊያወጣ ይችላል። ፊደል ስትጫኑ ያ መስመር ብቅ ካለ ሌላ አትፈልጉ፣ ምርጫውን አጥፉት።

ኤክስቴንሽን ግን ከሁሉ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም አይታይም። ቪሚየም የሚባለው ለምሳሌ ሥራው ራሱ ድረ ገጽን በነጠላ ፊደላት ማንቀሳቀስ ነው፤ ጄን፣ ኬን፣ ኤፍን ለራሱ ይወስዳል። ጂሜይል ላይ ጄ ወደ ቆየው ኢሜይል፣ ኬ ወደ አዲሱ ነው የሚሄዱት። ሁለቱም የተቀዱት ከአንድ ቦታ ነው። ቢል ጆይ በ1976 እ.ኤ.አ. ቪአይ የተባለውን የጽሑፍ ፕሮግራም ሲሠራ የተጠቀመበት ተርሚናል፣ ማለትም ስክሪንና ኪቦርድ ያለው የድሮ የኮምፒውተር መጠቀሚያ ላይ፣ ቀስቶቹ የታተሙት ኤች፣ ጄ፣ ኬና ኤል ቁልፎች ላይ ነበር። ልማዱ ከዚያ ወረደ፤ እነሆ ዛሬ ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ፊደል ይሻማሉ።

መፈተኛው ቀላል ነው። በክሮም ወይም በኤጅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን፣ በፋየርፎክስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ ብላችሁ የግል መስኮት ክፈቱ። እዚያ፣ እናንተ ካልፈቀዳችሁላቸው በቀር፣ ኤክስቴንሽኖች አይሠሩም። ኢሜይላችሁን እዚያ ከፍታችሁ ቁልፉ ከሠራ ወሳጁ ኤክስቴንሽን ነው። አንድ በአንድ እያጠፋችሁ እዩ።

ኮምፒውተር ላይ ለተጫኑ ፕሮግራሞችም ተመሳሳይ መፈተኛ አለ። ክላሲክ አውትሉክን ኮንትሮልን ይዛችሁ ስትከፍቱት ያለተጨማሪዎቹ ልክፈት ወይ ብሎ ይጠይቃል። ተንደርበርድ በዊንዶውስ ሺፍትን ይዘው ሲከፍቱት ያንኑ ያደርጋል።

በአማርኛ እየጻፍኩ ስለነበር ይሆን?

በጣም ይሆናል። ቁልፉ መንገድ ላይ ወደ ፊደል ይቀየራል ብለናል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ካለ ሲ የተጻፈባት ቁልፍ ስትጫኑ የሚወጣው ሲ አይደለም፣ የአማርኛ ፊደል ነው። የኢሜይል ፕሮግራሙ የሚጠብቀው ሲን ከሆነ የመጣለትን አያውቀውም። አንዳንድ ፕሮግራም "የትኛው ቦታ ያለ ቁልፍ ነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ "ምን ፊደል ወጣ?" ብሎ። የመጀመሪያው ዓይነት በአማርኛም ይሠራል፣ ሁለተኛው አይሠራም። በዊንዶውስ ከኮንትሮል ጋር የሚጫኑት ጥምሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፉትም ለዚህ ነው። በሩሲያኛ፣ በዐረብኛ፣ በግሪክኛ የሚጽፉ ሰዎችም ከዚሁ ጋር ይታገላሉ።

የእኛ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። ብዙ የአማርኛ መጻፊያዎች አንድ ፊደል የሚያወጡት ሁለትና ሦስት ቁልፍ አጣምረው ነው። ተነባቢውን ትነካላችሁ፣ አናባቢውን ታስከትላላችሁ። አንዳንዱ መጻፊያ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ይዞ ቀጣዩዋን ይጠብቃል። በዚያ ሰዓት ብራውዘሩ ለኢሜይሉ ገጽ የሚሰጠው የቁልፍ ቁጥር 229 ነው። ትርጉሙ "አንድ ቁልፍ ተነክቷል፣ መጻፊያው ግን ገና እየሠራበት ነው" ማለት ነው። የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ከዚህ ቁጥር አይታወቅም። ገጹም ምንም አያደርግም።

መፍትሔው ኢሜይል ሲደረድሩ እንግሊዝኛ ላይ፣ ሲጽፉ አማርኛ ላይ ማድረግ ነው። በዊንዶውስ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን፣ በማክ ኮንትሮልንና ስፔስን ወይም የዓለም ሉል ያለባትን ቁልፍ ትጫናላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ኦልትና ሺፍት አብረው ሲነኩም ቋንቋው ሊቀየር እንደሚችል አትርሱ። ብዙ ሰው ሌላ ጥምር ሊጫን ሲል ሳያውቀው ቋንቋውን ይቀይርና "ሾርትከቱ በድንገት ሞተ" ይላል። ከታች በቀኝ ጥግ ያለችውን የቋንቋ ምልክት ማየት በቂ ነው።

አቀማመጡ እንግሊዝኛ ሆኖም ልዩነት አለ። ጂሜይል ላይ መሰረዣው የሃሽ ምልክት ነው፤ በአሜሪካ አቀማመጥ ሺፍትና 3። በብሪታንያ አቀማመጥ ግን ሺፍትና 3 የፓውንድ ምልክት ይጽፋል፣ ሃሽ ኢንተር አጠገብ የራሷ ቁልፍ አላት። በጀርመን አቀማመጥ መፈለጊያውን የምትከፍተው ስላሽ ያለችው ሺፍትና 7 ላይ ነው። መመሪያ ላይ "ሺፍትና 3" ተብሎ ከተጻፈ የሚፈለገው ምልክቱ መሆኑን አስታውሱ።

ሌላ ፕሮግራም ወይም ዊንዶውስ ራሱ ሊይዘው ይችላል?

አዎ። ስክሪን ፎቶ የሚያነሱ፣ የቻት፣ ሙዚቃ የሚያጫውቱ ፕሮግራሞች አንዳንድ ጥምሮችን ለመላው ኮምፒውተር ያስመዘግባሉ። ዊንዶውስ ቀድሞ ላስመዘገበው ይሰጣል። ከበስተጀርባ የሚሠሩትን አንድ በአንድ መዝጋት ወሳጁን ያወጣዋል። ኮንትሮልና ኦልት ያለባቸው ጥምሮች ደግሞ በተለይ ለግጭት የተጋለጡ ናቸው፤ በብዙ የአውሮፓ ኪቦርዶች በስተቀኝ ያለው ኦልት ግሬ የሚባለው ቁልፍ ለዊንዶውስ ኮንትሮልና ኦልት አንድ ላይ የተነኩ ያህል ነው።

ሺፍትን አምስት ጊዜ ስትነኩ ዊንዶውስ ስቲኪ ኪስ የሚባለውን፣ ጥምር ቁልፎችን አንድ በአንድ ለመጫን የሚያስችለውን፣ ልክፈት ወይ ይላችኋል። የቀኙን ሺፍት ስምንት ሰከንድ ስትይዙ ደግሞ ፊልተር ኪስ ይመጣል። ሁለተኛው ከተከፈተ አጭር አጭር ንክኪዎችን ሊያልፋቸው ስለሚችል ኪቦርዱ የሞተ ይመስላል። ሁለቱም ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ትልቅ ነገር ናቸው፤ ሳታውቁ ከከፈታችኋቸው ግን ተደራሽነት በሚለው ሴቲንግ ውስጥ ይጠፋሉ። እንደ ኤፍ 4 ያሉት የላፕቶፕ የላይኛው ረድፍ ቁልፎች በሥራቸው ፋንታ ድምፅና ብርሃን ከቀየሩ ኤፍኤን የተጻፈባትን ቁልፍ ይዛችሁ ሞክሩ።

ስክሪን ሪደር ለሚጠቀሙስ?

እንደ ኤንቪዲኤና ጆውስ ያሉ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ድረ ገጽ ላይ ነጠላ ፊደላትን ለራሳቸው ይወስዳሉ። ኤች ወደ ቀጣዩ ርዕስ፣ ኢ ወደ ጽሑፍ ሳጥን ይዘላል። ስለዚህ የጂሜይል ኢ ገጹ ጋ ከመድረሷ በፊት ትቀራለች። ኤንቪዲኤ ላይ የኤንቪዲኤን ቁልፍ (ብዙ ጊዜ ኢንሰርት ናት) እና ስፔስን ስትጫኑ ወደ ፎከስ ሁነታ ይገባና ፊደላቱን ለገጹ ይለቃል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የኤንቪዲኤን ቁልፍና ኤፍ 2ን አስቀድሙ፤ ቀጥሎ የምትጫኑት ቁልፍ በቀጥታ ያልፋል።

ሳላስበው ተጫንኩና ኢሜይሌ ጠፋ፤ የት አለ?

አትደንግጡ፣ ወዲያው ከሆነ ጂሜይል ላይ ዜድን ተጫኑ። የመጨረሻውን ሥራ ይመልሳል። ካለፈ ደግሞ የትኛውን ፊደል እንደነካችሁ ገምቱ። ኢ ከሆነ "ኦል ሜይል" የሚባለው ውስጥ አለ። ሃሽ ከሆነ መጣያው ውስጥ ነው፤ እዚያ 30 ቀን ይቆያል። የቃለ አጋኖ ምልክት ከሆነ ስፓም ውስጥ ፈልጉ። ተንደርበርድ ላይ ኤ ብቻዋን ወደ ማኅደር ትልካለች፣ ጄ ደግሞ አላስፈላጊ መልእክት ናቸው ብላ ምልክት ታደርግባቸዋለች።

እኔ ከሁሉ የምፈራው የጂሜይሏን ኤም ነው። ኤም አንድን የመልእክት ልውውጥ ዝም ታሰኛለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ልውውጥ የሚመጡ አዳዲስ መልሶች በአብዛኛው ገቢ ሳጥን ላይ ሳይታዩ ያልፋሉ። ምንም ነገር የተበላሸ አይመስልም፤ ሰውየው መልስ የከለከላችሁ ነው የሚመስለው። የምትጠብቁት መልስ ከቀረ ጂሜይል መፈለጊያ ላይ አይኤስ፣ ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎም ሚውትድ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ያለ ክፍተት ጻፉ። ዝም የተባሉት ሁሉ ይወጣሉ።

ሌላው አዲስ መስመር ልጀምር ብሎ ኮንትሮልና ኢንተር መጫን ነው። ያልተጨረሰው ጽሑፍ ይሄዳል። ጂሜይል የተላከውን ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ 5 ሰከንድ ነው፤ ከሴቲንግ እስከ 30 ሰከንድ ማድረስ ይቻላል። ዛሬውኑ 30 አድርጉት እላለሁ። ክላሲክ አውትሉክ ላይ "ኦፕሽንስ" ውስጥ፣ "ሜይል" በሚለው ሥር፣ በኮንትሮልና ኢንተር መላክን ማጥፋት ይቻላል።

ቁልፎቹን እንደፈለግኩ መቀየር እችላለሁ?

እንደ ፕሮግራሙ ነው። ጂሜይል ሴቲንግ ውስጥ "አድቫንስድ" በሚለው ክፍል "ከስተም ኪቦርድ ሾርትከትስ" የሚለውን ስትከፍቱ ሁሉንም መቀየር የምትችሉበት ገጽ ይጨመራል። ኤምን የምትፈሩ ከሆነ ከዚያ ማውጣት ትችላላችሁ። ማክ ላይ በኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ "አፕ ሾርትከትስ" በሚለው ለአፕል ሜይል ምናሌ ትእዛዝ ሁሉ የራሳችሁን ቁልፍ መስጠት ትችላላችሁ፤ ግን የትእዛዙን ስም ምናሌው ላይ እንዳለ፣ አንድ ነጥብ ሳይቀር መጻፍ ግድ ነው። ክላሲክ አውትሉክ መሠረታዊ ቁልፎቹን አያስነካም፤ ነገር ግን "ክዊክ ስቴፕስ" ለሚላቸው ሥራዎች ከኮንትሮል፣ ሺፍትና 1 እስከ 9 ድረስ ቦታ ይሰጣል።

ሁሉንም ሞክሬ እምቢ ካለስ?

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ሴቲንጉን አስተዳዳሪው ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል ቴክኒክ ክፍሉን ጠይቁ። ስትጠይቁ "ሾርትከት አይሠራም" ብቻ አትበሉ። የትኛው ቁልፍ እንደሆነ፣ ስትጫኑት ምንም እንደማይሆን ወይስ ሌላ ነገር እንደሚሆን፣ ፕሮግራሙና ብራውዘሩ ከነቨርዥናቸው፣ ኪቦርዱ የትኛው ቋንቋ ላይ እንደነበር፣ በግል መስኮት ሠርቶ እንደሆነና ኖትፓድ ላይ ፊደሉ ወጥቶ እንደሆነ ጻፉ። ይህን ያነበበ ባለሙያ ቁልፉ የት እንደቀረ ፍለጋውን ከግማሽ መንገድ ይጀምራል።